ማንም ያልቀመሰው ድስት

ሰርክ መቅመስና ማሽተት ካቆመች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ያን ጊዜ የወረርሽኙ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት አፉ ጭድ ጭድ ሲለው ከረመና ተመለሰለት፤ የእሷ እንደ ወጣ ቀረ። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል» አላት። ሊመለስ ይችላል የተባለ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሎስ አንጀለስ ብዙ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ያሳዝናል። ሰርክ ግን ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ሠሪ ናት።

የሚያውቅላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አስተናጋጇ ማዕዶት። ማዕዶት ትእዛዝ ልትቀበል ወደ ማድ ቤት ስትገባ ከጭልፋው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ ይደረግላታል። ትልሳለች። ቅንድቧን ካነሳች ጨው ይጨመራል፣ ካኮሳተረች ውሃ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሰርክ ሰበብም አያስፈልጋትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ኦርቶዶክስ ናት፤ በሁዳዴ የማይቀምስ ወጥ ሠሪ ይመሰገናል እንጂ አይጠረጠርም።

ዘንድሮ ግን ዳኜ ጠረጠረ። ዳኜ የምግብ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ በጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሆኖ የተመረጠ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው። ማዕዶት ኦፍ በሆነችበት ማክሰኞ አንድ ሽሮ ሁለቴ ጨው ገብቶበት ወጣ። የበሉት ሰዎች ጨዋ ስለነበሩ ምንም አላሉም፤ ውሃ ብቻ ደጋግመው ጠየቁ። ዳኜ ውሃውን ራሱ ነበር የሚያመላልሰው። በማግስቱ ጋርዴና ለምትኖር የምሥራች ለምትባል ወጥ ሠሪ ደወለ፤ ከዚያ ማድ ቤት ገባ።

«እትዬ ሰርክ፣ እኔ ሰው አላባርርም።»

«አውቃለሁ።»

«የሐሙሱን ፕሮግራም እናያለን። አንድ ሰው ስለ ጨው አፉን ከከፈተ ሰኞ የምሥራች ስታርት ታደርጋለች። እርስዎ ያርፋሉ።»

እዚህ አገር ማረፍ የሚባለውን ሰርክ በቅርብ ታየዋለች። ኮሪያታውን አንድ ክፍል የሚጋሯት ሁለቱ ሴቶች ሌሊቱን የታመመ ሽማግሌ ሲያገላብጡ የሚያድሩ ናቸው። የእሷ ወገብ ለዚያ አይሆንም፤ እንግሊዝኛዋም ከድስት ብዙ አይርቅም። ማድ ቤቱን ካጣች የምትገባበት ሌላ በር የለም።

የሐሙሱ ፕሮግራም የሕንዶች ነበር። ሚስስ ጎሻል የምትባል የዌስትውድ ባልቴት፣ ትውልዷ ቤንጋል፣ ለዓመታት የዚህ ቤት ምስርና ጎመን ደንበኛ የሆነች ሴት መጥታ የጓሮውን ሆል ከነማድ ቤቱ ተከራየች። አናፑርና የምትባል አምላክ አለቻቸው፣ የምግብ አምላክ፣ በዓሏ በጸደይ ይውላል። ሌሎች ሰዎች ለሥራ እንዲመች ወደ ቅዳሜ ያዛውሩታል፤ ሚስስ ጎሻል ቀኑን አላስነካም። በየዓመቱ የምታበስለው የባሏ እህት ወድቃ ዳሌዋን ስለተሰበረች ሌላ እጅ መፈለግ ነበረባት።

ዳኜ ትንሽ አሰበበት። «ያከራየሁት ሆሉን ነው እንጂ ልቤን አይደለም» አለ ለሚስቱ። ለጸሎት ቤቱ ሰዎች ደግሞ «የሕንዶች የምሳ ፕሮግራም ነው» አላቸው። ምሳ መሆኑ እውነት ነው።

ሚስስ ጎሻል ውሉን የፈረመች ዕለት ሠራተኞቹን በሙሉ አሰልፋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ከእናንተ መሐል ዛሬ የሚጾም ማን ነው?»

ሁሉም ሰርክን አሳየ።

«እንግዲያው የአምላካችንን ምግብ አንቺ ትሠሪያለሽ። ያልጾመ ሰው አይሠራውም።»

ሰርክ ማታውኑ ለነፍስ አባቷ ደወለች። ለሕንዶች ድግስ ልታበስል መሆኑን፣ ምግቡ መጀመሪያ ለጣዖታቸው እንደሚቀርብ ነገረቻቸው። አባ፣ «እንጀራሽ ነው፣ ምን ይደረግ። ብቻ እንዳትቀምሺ» አሏት።

«አልቀምስም አባ» አለች። እንዲህ ያለ ቀላል ቃል ገብታ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሚስስ ጎሻል ነጭ ሳሪ ለብሳ፣ ጠጉሯ ገና እርጥብ ሆኖ ገባች። አዲስ ድስት፣ አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ሳህን ይዛ ነው የመጣችው። ሥጋ ነክቶ የሚያውቅ ዕቃ ሁሉ ከማድ ቤቱ ይውጣ አለች፤ ወጣ። ቀጥላ ወደ ሽንኩርቱ ጆንያ ጠቆመች።

«እሱም ይውጣ። ነጭ ሽንኩርቱም።»

ማዕዶት የሰማችውን አላመነችም። «ያለ ሽንኩርት? ታዲያ ምኑ ነው የሚቁላላው?»

«ምንም አይቁላላም» አለች ሰርክ ጆንያውን እየጎተተች። «ዝም ብለሽ አግዢኝ።»

የጓሮ በሩ ላይ ጋሼ ሀብተሥላሴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሆሉን እንግዶች መኪና ፓርክ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው፤ መኪና በሌለ ጊዜ አስተያየት ይሰጣሉ። ጆንያው ሲወጣ አይተው፣ «ሽንኩርት የማትወድ ሴት ባሏ እንዴት ቻላት?» አሉ።

ሚስስ ጎሻል ምን አሉ ብላ ጠየቀች። ማዕዶት አፍራ ተረጎመችላት። ባልቴቷ አልተቆጣችም፤ በርጩማ ስባ ከትልቁ ድስት ፊት ለፊት ተቀመጠችና ምስሩን እየለቀመች መለሰች።

«ባሏማ አልቻላትም። የአናፑርና ባል ሺቫ ነው፣ ታላቁ አምላክ። አንድ ቀን ሲጫወቱ፣ ዓለም ሁሉ ጥላ ነው፣ ሕልም ነው አላት። ምግብም? አለችው። ምግብም አላት።»

«እሷስ?» አሉ ጋሼ ሀብተሥላሴ።

«እሷ ምንም አላለችም። ተነሥታ ሄደች። እህሉ አብሯት ሄደ። መሬቱ አላበቅል አለ፣ ድስቱ ባዶውን ፈላ፣ አማልክቱ ሳይቀሩ ተራቡ። ጥላ ነው ያለው ሰውዬ ሆዱ ሲጮህ ሰማ። በኋላ ካሺ በምትባል ከተማ አንዲት ሴት ማድ ቤት ከፍታለች ሲባል ሰምቶ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ሄደ፣ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ ቢያይ ሚስቱ ናት። ጭልፋ ይዛለች።»

«ሰጠችው?»

«ሰጠችው።»

«ምንም ሳትለው?»

«ምንም ሳትለው።»

ጋሼ ሀብተሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው የሚከብደው» አሉና መኪና ሊያቆሙ ሄዱ።

በዚህ መሐል ሁለት ሰዎች የአናፑርናን ምስል በጨርቅ ሸፍነው በጓሮ በር አስገቧት። ሆሉ ውስጥ ሲገልጧት ሰርክ በበሩ ስንጥቅ አየች። ቀይ የለበሰች፣ ፊቷ የሚያበራ ሴት ተቀምጣለች፤ በእጇ ጭልፋ አለ። አጠገቧ ባሏ ባዶ ሳህን ይዞ ቆሟል። ሰርክ አማተበች። ሥራዋን ግን አወቀችው፤ ወጥ ሠሪ ናት።

ሚስስ ጎሻል ተነሥታ እጇን ታጠበችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ከአሁን ጀምሮ ማንም አይቀምስም። በጭልፋም በጣትም። የመጀመሪያው ጉርሻ የእሷ ነው። ሰው ቀምሶት ከቀረበ ትራፊ ነው የሰጠናት።»

ሰርክና ማዕዶት ተያዩ። ወዲያው ደግሞ መተያየታቸውን ተዉት።

ምግቡ ሩዝና ምስር አንድ ላይ የሚበስልበት ቢጫ ገንፎ መሳይ ነገር ነው፤ ዝንጅብል፣ ከሙን፣ ቃሪያ፣ አበባ ጎመን፣ በመጨረሻም ቅቤ ይገባበታል። ምስሩ መጀመሪያ በደረቁ ይታመሳል።

«ሽታው ሲመጣ አውጪው» አለች ሚስስ ጎሻል።

ሰርክ አመሰች። ሽታው መጥቶ ይሁን፣ መጥቶ አልፎ ይሁን፣ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ቀለሙን እንዳትከተል ይህን ምስር ከዚያ በፊት አብስላው አታውቅም። ድምፁን አዳመጠች፤ ጠጠር እንደሚፈስ ነበር፣ ከዚያ ቀለል እያለ መጣ። ባልቴቷ አንገቷን አቅንታ ታያታለች። ማዕዶት ብርጭቆ ተሸክማ አለፈች፤ አፍንጫዋን አከከች። ሰርክ ምስሩን ገለበጠችው።

«ጎሽ» አለች ሚስስ ጎሻል። «ትንሽ ቆይተሽ ነበር።»

የከፋው ጨው ላይ መጣ። ሰርክ ለጨው የራሷ ስኒ ነበራት፤ ጨው ከጨመረች በኋላ ስኒዋን ትደፋዋለች፤ የተደፋ ስኒ ካየች ድስቱ ጨው ገብቶበታል ማለት ነው። ስኒዋ ግን ከሥጋው ዕቃ ጋር ወጥታለች። አዲሱ ጨው በትልቅ ብረት ሳህን ቀርቦላታል። በእጇ ዘገነች። ልክ ያን ጊዜ ዳኜ በሩን ገፍቶ ገባ።

«እትዬ ሰርክ፣ ሽንኩርት አይገባም የሚሉኝ እውነት ነው?»

ዞረች። «እውነት ነው።»

«ሶ ምን ሊጣፍጥ ነው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? እሷን ጠይቃት።»

ዳኜ ባልቴቷን አየት አድርጎ ወጣ። ሰርክ ወደ ድስቱ ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር። ወደ ድስቱ ትጨምረው፣ ወደ ሳህኑ ትመልሰው፣ አላስታወሰችም። ሳህኑን ልታይ ዞር አለች። ሚስስ ጎሻል ለማገዝ ብላ ከከረጢቱ ጨው ሞልታበት፣ ላዩን በመዳፏ አስተካክላዋለች። ዱካ የለም።

ድስቱ ተንተከተከ። ከጨመረች ምናልባት ሁለተኛዋ ነው፤ ያ ሽሮ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ካልጨመረች ደግሞ ምናልባት ምንም የለበትም። ማዕዶት ስትገባ በአማርኛ፣ በለሆሳስ፣

«ጨው መጨመሬን አላውቅም» አለቻት።

«እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅማ። አንድ ጠብታ ቅመሺልኝ።»

«እትዬ፣ የጣዖት እኮ ነው።»

«ገና አልቀረበም። እስኪቀርብ ድረስ ምግብ ነው።»

ማዕዶት ይህን አሰበችበት። «ታስቦላታል ግን» አለች። «ለእሷ አስበው ነው የሠሩት።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ አላሰብኩም።»

ማዕዶት በሩን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ መዳፏን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ ዘረጋች። ሰርክ ጭልፋውን አነሳች። ሚስስ ጎሻል በርጩማው ላይ ሆና በእጇ መቁጠሪያ እያሽከረከረች ከንፈሯን ታነቃንቃለች፤ ዓይኗ ግን ከጭልፋው አልተነቀለም። መዳፉ ተመልሶ ተጨበጠ። ጭልፋው ተመልሶ ድስት ገባ። ሰርክ ቅቤውን ጨመረችና ከደነችው፤ ከዚህ ወዲያ የሆነው ሆኗል።

ድስቱ ሊወጣ ሲል ዳኜ ተመልሶ መጣ። ማንኪያ ይዟል። ለባልቴቷ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና፣ ከዚህ ቤት ሳይቀመስ የወጣ ምግብ ኖሮ እንደማያውቅ፣ ለእሷ ክብር ሲል ራሱ ሊቀምሰው እንደመጣ ነገራት። ክዳኑ ላይ እጁን አሳረፈ። ሰርክ ግድግዳውን ተደገፈች።

ሚስስ ጎሻል ቁመቷ እስከ ዳኜ ደረት ነው። በእሱና በድስቱ መሐል ገብታ ቆመች።

«ከእሷ በፊት ከቀመስከው ድስቱ ሙሉውን የአንተ ነው። ቤትህ ውሰደው። እኔ ሆሉ ውስጥ ላሉት ሰዎች ወደየቤታችሁ ሂዱ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነም እነግራቸዋለሁ።»

ዳኜ በበሩ በኩል ሰዎቹን አየ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ገና ምንም አልበሉም። እጁን ከክዳኑ አነሳ።

«ኦኬ» አለ። «በኋላ።»

ድስቱ ገባ። ከፊቷ አኖሩትና መጋረጃ ዘረጉ። ደወል ተደወለ፣ አንዱ ትልቅ ዛጎል ነፋ። ሚስስ ጎሻል ወደ ማድ ቤቱ በር መጥታ፣ «አሁን ማንም አያይም፤ እየበላች ነው» አለች። መጋረጃ ሲዘጋ እንዴት እንደሚቆም ሰርክ ከልጅነቷ ታውቃለች፤ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ጨው ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ ቢኖር ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ከዚያ ደግሞ ምንም ድምፅ አልመጣም።

መጋረጃው ተከፈተ፣ ምግቡ ታደለ። ሰርክ በበሩ ስንጥቅ ፊቶችን አየች። መቅመስ ካቆመች ወዲህ የተረፋት የሰው ፊት ማንበብ ነው፤ ጨው የበዛበት ሰው ቀድሞ ምላሱን ያንቀሳቅሳል፣ ያነሰበት ሰው ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ይቅበዘበዛል። እነዚህ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ነበራቸው። ሳህኑን ወደ ግንባራቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ይበላሉ። በአበላላቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ዳኜም እጁን አጣምሮ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንዱን መነጽር ያደረገ ሰው ጠጋ ብሎ፣ «እንዴት ነው፣ ይጣፍጣል?» አለው።

ሰውዬው እንደ መደንገጥ አለ። «በረከት እኮ ነው» አለው።

አንዲት ሴትዮን ጠየቀ። «እሱ አይጠየቅም» አለችው፣ እያዘነችለት።

ዳኜ ጥቂት በሳህን አስጨልፎ ወደ ጓሮ ወጣ። «ጋሼ ሀብተሥላሴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይቺን ይቅመሱልኝ።»

«ጾም ነኝ።»

«ምስር እኮ ነው።»

«ቅቤ ገብቶበታል፣ አይቻለሁ። ደግሞ ጣዖት ቀምሶታል። ሁለቱንም ብተውልህ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።» ከዚያ፣ «አንተ ለምን አትቀምሰውም?» አሉት።

ዳኜ ወደ ማዕዶት ዞረ።

«እኔን እንዳታየኝ» አለች ማዕዶት። «ለጣዖት የተሠዋ አይበላም ብለህ ያስተማርከን አንተ ነህ። ኖት ይዤበታለሁ።»

ስለዚህ ፌርፋክስ ላይ ያን ቀን አንድ አፍ አልተገኘም። ከመቅረቡ በፊት ሕንዶቹ አያስቀምሱም፤ ከቀረበ በኋላ አበሾቹ አይቀምሱም፤ የበሉት ደግሞ አይናገሩም። ሰርክ ይህን ሁሉ ሰማች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ሰኞ ሌላ ድስት አለ፣ ማክሰኞም፤ ማዕዶት ደግሞ ኦፍ ትወጣለች።

ሚስስ ጎሻል ሞልቶ የተረፈ ሳህን ይዛ ወደ ዳኜ መጣች። «የቤቱ ጌታ ነህ» አለች፤ በሁለት እጇ ሰጠችው። ሰው ሁሉ ያየዋል። ዳኜ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ «አስቀምጬው ልምጣ» ብሎ በኮሪደሩ ወደ ዕቃ ቤት ገባ።

ሰርክ ሽርጧን ፈታች። ድስቱን የሚያጥበው ሰው አለ። መቅመስ አለመቻሏን ከሰኞ በፊት ሌላ ሰው ከሚነግረው ራሷ ልትነግረው ተከትላው ሄደች፤ የዕቃ ቤቱን በር ከፈተች።

ዳኜ በጤፍ ከረጢቶቹ መሐል ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። በእጁ እየበላ ነው።

ዞረ። አፉ ሙሉ ነበር። አፉ ሙሉ የሆነ ሽማግሌ ብዙ ምርጫ የለውም። ዋጠ።

«ልቅመሰው ብዬ ነው» አለ።

«አየሁ።»

«ለሥራ ጉዳይ።»

«አዎ።» ሳህኑን አየች። ተጋምሷል። «ዳኜ፣ ጨው አለው?»

ከማክሰኞ ጀምሮ ሲጠብቀው የከረመው ነገር ነበር፤ ከእሷ አፍ ይመጣል ብሎ ግን አልጠበቀም።

«እርስዎ አያውቁም?»

«አላውቅም። ከዚያ ትኩሳት ወዲህ ምንም አይቀምሰኝም። ሽታም የለኝም። ያን ሽሮም ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ልነግርህ ነው የመጣሁት፤ የምሥራችን ጥራት።»

ከኮሪደሩ የእግር ድምፅ መጣ፣ ከኋላው የማዕዶት ድምፅ፦ «ፓስተር ወንዳፍራሽ፣ ጋሽ ዳኜ እዚህ አይደለም፣ ወደ ፊት ነው... ፓስተር፣ በዚያ አይደለም...»

ዳኜ ጣቶቹን አየ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ቢጫ ናቸው። ሳህኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ፈለገ፤ አላገኘም። ሰርክ በሩን ከኋላዋ ሳብ አድርጋ ወጣችና ኮሪደሩን ሞልታ ቆመች።

«ፓስተር፣ ደህና ዋሉ። ዳኜን ፈልገው ነው?»

«ምንድን ነው እዚህ የሚነፋው?» አሉ የዳኜ ጸሎት ቤት ፓስተር። መኪናቸውን መንገድ ላይ አቁመው ነው የገቡት፤ ቁልፉ በእጃቸው ነው።

«ሕንዶች ምሳ እየበሉ ነው።»

«እሱስ?»

ሰርክ አልቸኮለችም። «ዕቃ ቤት ነው። ወደ ፊት ቢጠብቁት ይሻላል፤ ማዕዶት ሻይ ታቀርብልዎታለች። እዚህ ጫማ ካላወለቁ አያሳልፉም።»

ጫማ የሚለውን ሲሰሙ ፓስተሩ ተመለሱ። ሰርክ እግራቸው እስኪርቅ ቆማ አዳመጠች፤ ከዚያ ገባች። ዳኜ እንደ ቆመ ነው፤ ሳህኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞታል፣ ነጭ ሸሚዙ ላይ ቢጫ ነጥብ ወድቋል።

«የለውም» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«ጨው። ምንም የለውም። ጭራሽ።»

ሰርክ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠች። «ያ ሁሉ ሰው ታዲያ ዝም ብሎ በላው?»

«ድጋሚ እያስጨለፉ ነው እኮ።»

«አንተስ?»

ዳኜ ወደ ሳህኑ ተመለከተ። «ዝንጅብሉ ጥሩ ነው» አለ።

ከሆሉ የሴቶች ዝማሬ ተነሥቶ ግድግዳውን አልፎ መጣ። ዳኜ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ዝማሬው አላለፈም።

«ሰኞ...» አለ።

«ሰኞ ምን?»

«ሰኞ ሽሮው ሳይወጣ በፊት ይጥሩኝ። ማክሰኞም። እኔ ኦፍ የለኝም።»

ሰርክ እጁን አየች፤ ሳህኑን አላስቀመጠም።

«ጨው ላምጣልህ?» አለችው።

በሩን አየ። «ያምጡ» አለ።

ከማድ ቤት በመዳፏ ይዛ መጣች። በሦስት ጣቷ አነሳችና ነሰነሰችለት። ዳኜ አንድ ጉርሻ ወሰደ፣ አላመጠ።

«ይጨምሩ።»

ጨመረች።

«ትንሽ።»

ጨመረች።

«በቃ» አለ።

ሰርክ እጇን ወደ አምፖሉ አቀረበችና መዳፏ ላይ የቀረውን ጨው አይታ ስንት እንደጎደለ ለካች።